ዲ.ዲ.ቲ.ና ሁለቱ እናቶች

በገዳሪፍ ክረምት አልፎ ወባ ሲነሳ፣ ልጇ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥባትን እናት «ዲ.ዲ.ቲ. አይረጭልሽ» የሚላት ማን ነው? በአገራችንም በዚሁ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ለብዙ ዓመታት ተረጭቶ ብዙ ነፍስ ተርፏል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ ይህ መርዝ ቶሎ አይሞትም። በሞቃት አገር ይተናል፤ ነፋስ ተሸክሞት ወደ ሰሜን ዋልታ ሲደርስ ብርዱ ያወርደዋል። ከዚያ ከዓሣ ወደ አቆስጣ፣ ከአቆስጣ ወደ ሰው፣ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰሜን ካናዳ የኢኑዊት እናቶች የጡት ወተት ሲመረመር፣ ይህ መርዝና መሰሎቹ ፋብሪካ ከሞላበት ከደቡቡ እናቶች ወተት ይልቅ በዝተው ተገኙ። እነዚያ እናቶች እርሻም ወባም የላቸውም!

ታዲያ ዕዳው የማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ውል ዲ.ዲ.ቲ.ን ለእርሻ ከልክሎ፣ ሌላ መፍትሔ እስኪገኝ ለወባና ለመሰል በሽታ ብቻ ፈቀደ። ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል፤ ሕፃን ማዳንና እዚሁ ሱዳን በገዚራ እንደ ተደረገው ለጥጥ ትርፍ ከአውሮፕላን መርጨት አንድ አይደሉም። (ባዶ የመርዝ በርሜል አጥቦ ውኃ በሚቀዳበት ድሃ አልፈርድም፤ በሸጠለት እንጂ።) ያ «ሌላ መፍትሔ» ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ከፋዩም መርዙን ሠርቶ ያተረፈበት እንጂ በሣር ጎጆ የተኛው መሆን የለበትም።