ሸክሙን ማን ይካፈል?



በየቁምስናችን መምህራት የሆኑ እናቶች አሉ። ንጋት ላይ ልጆቻቸውን አብልተው ወደ ትምህርት ቤት ይገሰግሳሉ፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ደብተር ያርማሉ። እኛም «ጎበዝ ሴት» እያልን እናመሰግናቸዋለን። ነገር ግን ምስጋና ሊጥ አያቦካም።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሴት በሥራዋ ለማደግ ስትል ቤተሰቧን ለመጉዳት እንዳትገደድ ሥራው ራሱ ሊመቻች እንደሚገባ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለአሠሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከቤት ይጀምራል። የቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስ እናት ቅድስት ዜሊ በፈረንሳይ አገር፣ በአላንሶን ከተማ፣ የዳንቴል ሥራ እየመራች ልጆቿን አሳድጋለች። ባሏ ቅዱስ ሉዊ በ1870 የሰዓት ሥራውን ትቶ የእርሷን ሥራ አገዘ። በ2015 የሁለቱም ቅድስና በአንድነት ታወጀ።

ስለዚህ አባወራዎች ሆይ፣ ልጅ ማጠብና ወጥ መሥራት ውርደት አይደለም፤ የተክሊል ቃል ኪዳናችሁ በየዕለቱ የሚፈጸምበት ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህንኑ ለወንዶች ልጆች አስተምሩ። እኛ ካህናትም «ማስተማር ታውቃለች» ብለን የእሑዱን ትምህርት ከመጨመራችን በፊት፣ በቤቷ ማን እንደሚያግዛት እንጠይቅ።

የናዝሬት ቅዱስ ቤተሰብ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን፤ አሜን።