ዝናብ ለማይወርድበት ቤት የሚከደን ክዳን

የአሻንጉሊት ቤት ክዳን ዝናብ አይወርድበትም፤ ከሥሩም የሚያድር ሰው የለም። ሆኖም ሥራውን የሚያከብር ሰው ልክ እንደ እውነተኛ ቤት ሥርዓቱን ጠብቆ ይከድነዋል። ከዚህ አንድ የሃይማኖትም የፍልስፍናም ጥያቄ ይነሣል፦ ጥቅሙ ለማይታይ ነገር ትጋትን ማፍሰስ ከንቱ ድካም ነው ወይስ በራሱ መልካም ሥራ? መልሱ በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ፣ ቀጥሎ የሚቀርቡበትን ተቃውሞዎች፣ በመጨረሻም ወሰኑን መመርመር ይጠይቃል።

የትንሹ ክዳን ሥራ ከዝግጅት ይጀምራል። ስስ እንጨት ወይም ወፍራም ወረቀት በእኩል ስፋትና ርዝመት ይቆረጣል፤ ጠርዙም ይስተካከላል። ቀለም የሚያስፈልገው ከሆነ ከመለጠፉ በፊት ይቀባል፤ ሙጫ የነካው እንጨት ቀለም አይጠጣምና። ጣሪያው ላይ የረድፎቹን ልክ የሚያሳዩ አግድም መስመሮች ይሰመራሉ። የመጀመሪያው ረድፍ በታችኛው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ራስ ሸፍኖ ከላዩ ያርፋል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ እየተደረበ ሥራው ወደ አናቱ ይወጣል። የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ከታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይውልም፤ በአንዱ ክፍተት የገባ ውሃ ከሥሩ ባለው ንጣፍ ላይ አርፎ እንዲፈስ ይደረጋል። ሁለቱ ተዳፋት የሚገናኙበት አናት የሚሸፈነው በመጨረሻ ነው።

ይህ ሥርዓት ከጎጆ ክዳን ሥርዓት አይለይም። በደቡብ ወሎ፣ በወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በቢስቲማ ዙሪያ እንደ ብዙው የወሎ ገጠር ቆርቆሮ ከመስፋፋቱ በፊት የቤት ክዳን ሣር ነበር። የሣር ከዳኝም ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ሣሩን በሣር ላይ እየደረበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚከድን ሰው የታችኛውን ጫፍ በላይኛው ላይ ስለሚያሳርፍ ውሃውን ወደ ቤት ይመራዋል። እቃቃ የሚጫወቱ ልጆችም በጭቃና በድንጋይ ግድግዳ ያቆማሉ፣ በአገዳ ይማግራሉ፣ ሣር ይከድናሉ። ከታላላቆቹ እጅ ሥርዓቱን ያየ ልጅ፣ ምክንያቱን ገና ሳያውቅ ከታች ወደ ላይ ይከድናል።

በትልቁና በትንሹ ክዳን መካከል ግን አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ቤትን ማሳነስ ይቻላል፤ ዝናብን ማሳነስ አይቻልም። በዓለም ላይ የታወቁ ብዙ የአሻንጉሊት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 በአርክቴክት ኤድዊን ሉትየንስ ንድፍ ለእንግሊዝ ንግሥት ሜሪ የተሠራው ጭምር፣ የተሠሩት በአንድ አሥራ ሁለተኛ መጠን ነው። በዚህ ልክ 3 ሜትር የሚቆም ግድግዳ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ ጠብታ ግን እንዳለ ነው፤ በትንሹ ቤት ላይ ቢወርድ በትልቁ ቤት ላይ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጠብታ እንደ መውረድ ይሆናል። በተጨማሪም ውሃ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በራሱ ኃይል ተይዞ ይቀራል፤ እንደ ትልቁ ክዳን ተንሸራትቶ አይወርድም። ስለዚህ እጅግ በትክክል የተሠራ ትንሽ ክዳንም ቢሆን እንደ እውነተኛው ክዳን ዝናብን አይከላከልም። ጥያቄውን የሚያከብደውም ይህ ነው፤ ሠሪው ሥርዓቱን የሚጠብቀው፣ ሥርዓቱ የተገኘበት ጥቅም በሌለበት ቦታ ነው።

ከጥቅሙ የተለየ ቅርጽ መሥራት በኢትዮጵያ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት አንሪ ደ ኮንተንሶን በአክሱም አቅራቢያ በሐውልቲ ባካሄዱት ቁፋሮ፣ ከአክሱም መንግሥት በፊት በነበረው ዘመን የተሠሩ የሸክላ ቤት አምሳያዎች ተገኝተዋል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች የማይከፈት በር፣ ወደ ምንም ክፍል የማያሳይ መስኮትና የግንድ ጫፍ የሚመስሉ የድንጋይ ጉጦች ተቀርጾባቸዋል። በላስታ፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በተፈጥሮ አለት ተጠልሎ ሳለ የራሱ ጣሪያ አለው፤ ውስጡም በሐረግና በልዩ ልዩ ቅርጽ ያጌጠ ነው። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ በእንጨት ተዋቅሮ የተከደነ ይመስል ባለሁለት ተዳፋት ጣሪያ ተቀርጾለታል። ቤተ አማኑኤልም እንዲሁ ከአለት ወጥቶ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የተገነባ ግድግዳ መልክ ይዟል። እነዚህ ሥራዎች መጫወቻ አይደሉም። ከትንሹ ክዳን ጋር የሚያገናኛቸው ግን ቅርጹ ከመጀመሪያ ጥቅሙ ተለይቶም መከበሩ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከእስልምና የምስል ሥራ ሕግ ይነሣል፤ እንደ ቢስቲማ ባለ ሙስሊሙ በሚበዛበት አካባቢ ጥያቄው ቸል አይባልም። ሕያው ፍጥረትን በምስል መሥራት በሐዲስ በብርቱ ተከልክሏል። ይሁን እንጂ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደ ተላለፈው የነቢዩ ባለቤት እመት ዓኢሻ በልጅነታቸው በአሻንጉሊት ይጫወቱ ነበር፤ ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) አልከለከሏቸውም። በዚህ ምክንያት ብዙ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት የልጆችን መጫወቻ ከክልከላው ለይተው ፈቅደዋል፤ ይህን የማይቀበሉም አሉ። ክርክሩ ግን የሚመለከተው አሻንጉሊቷን እንጂ ቤቷን አይደለም። ከነቢዩ ባልደረባ ከኢብን ዐባስ በተላለፈው መሠረት ኑሮው በምስል ሥራ ላይ የቆመ አንድ ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ ተመክሯል። ቤት፣ በርና ክዳን ነፍስ የላቸውም፤ በዚህ በኩል ክዳኑ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የብክነት ነው። ቁርኣን ኢስራፍን፣ ማለትም ብክነትን፣ ይነቅፋል፤ መጽሐፈ መክብብም የሰውን ድካም ሁሉ በከንቱነት ሚዛን ይመዝናል። ሰው ለቤቱ ክዳን በሚቸገርበት አገር ለአሻንጉሊት ቤት ክዳን መድከም ያሳፍራል የሚል ሰው ሊናቅ አይገባም። ሦስተኛው ተቃውሞ የፕላቶን ነው። ፕላቶን «ፖለቲያ» በተባለው ሥራው አሥረኛ መጽሐፍ፣ አልጋን የሚሥል ሠዓሊ የአናጺውን ዕውቀት ሳይዝ የአልጋውን መልክ ብቻ እንደሚቀዳ፣ ስለዚህም ከእውነት በጣም የራቀ መሆኑን ይከራከራል። በዚህ መሠረት የአሻንጉሊት ቤት ክዳን የእውነተኛ ክዳን ጥላ ብቻ ይሆናል።

የፕላቶን ተቃውሞ ከሥራው ጠባይ አንጻር ሲታይ ይላላል። የክዳንን ሥዕል የሚሥል ሰው የመደራረብን ሥርዓት ሳያውቅ መሥራት ይችላል። ንጣፍ በንጣፍ የሚከድን ሰው ግን አይችልም። የመጀመሪያውን ረድፍ ዘሎ ከሁለተኛው ቢጀምር የሚደረብበት ያጣል፤ መጋጠሚያዎቹን በአንድ መስመር ቢያውል የትልቁ ቤት ክዳን የሚያፈስበትን ስሕተት ራሱን ይሠራል። መጠኑ ይነስ እንጂ ዕውቀቱ አልተቀነሰም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ የመልክ ቅጂ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ልምምድ ነው፤ ትክክልና ስሕተትም አለው። ዝናብ ባይፈትነውም በትክክል የተከደነና በስሕተት የተከደነ ክዳን አንድ አይደሉም።

ለብክነት ተቃውሞ መልስ የሚሆነው እስልምናና ክርስትና ስለ ሥራ የሚያስተምሩት ነው። በሙስሊም ስብስብ በተላለፈ ሐዲስ አላህ ኢህሳንን፣ ማለትም ነገርን አሳምሮ መሥራትን፣ በሁሉም ነገር ላይ ደንግጓል፤ እርድ እንኳ ሲታረድ ቢላዋው እንዲሳል፣ እንስሳውም እንዳይሠቃይ ታዝዟል። ሥራን የሚመዝነውም ኒያው (የልብ ሐሳቡ) እንጂ ትልቅነቱ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት 25 እና 26 ሙሴ ድንኳኑን በተራራው ላይ በታየው ምሳሌ መሠረት እንዲሠራ ታዟል። ድንኳኑ በመጀመሪያ ኪሩቤል የተጠለፉባቸው ዐሥር የጥሩ በፍታ መጋረጃዎች፣ በላያቸው ዐሥራ አንድ የፍየል ጠጉር መጋረጃዎች፣ ከዚያም ቁርበቶች ይለብሳል። እጅግ የተዋበው ክዳን ከሁሉ በታች ነው፤ በውጭ የሚያልፍ ሰው አያየውም። የሉቃስ ወንጌል 16 ደግሞ ታማኝነት በትንሹ እንደሚፈተን ያስተምራል። በሁለቱም ወገን የሥራ ክብር በሚያስገኘው ትርፍ ወይም በተመልካች ብዛት አይለካም፤ ፈጣሪ በሚያየው ልብ ይለካል።

ይህ መልስ ግን ሙሉ የሚሆነው ተቀባዩ ሲታሰብ ነው። የአሻንጉሊት ቤት የሚሠራው ለልጅ ነው። ልጅ ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ቢያውቅም የሚጫወተው ከልቡ ነው፤ አሻንጉሊቷ እንዳይበርዳት ይሰጋል፤ ቤቷ ክዳን ካጣች ቤት አልሆነችለትም። ለእንዲህ ዓይነቱ እምነት «ልጅ አያውቅም» ብሎ የይድረስ ሥራ መስጠት፣ የማይመረምረውን ሰው እንደ መሸንገል ነው። ጠያቂ የሌለበት ሥራ የሠሪውን ሐቀኝነት የሚፈትነው ለዚህ ነው። የትልቁን ቤት ክዳን ክረምት ይመረምረዋል፤ የትንሹን ክዳን የሚመረምረው የሠሪው ኅሊና ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ትጋቱ ወሰን አለው። ኦሪት ዘዳግም 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዛል፤ ማንም ወድቆ የሠሪው ቤት የደም ዕዳ እንዳይሸከም። የክዳን ሥራ ከውበት በፊት የሰው ነፍስ አደራ አለበት ማለት ነው። የጎረቤት ቤት እያፈሰሰ፣ መርዳት የሚችል ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ለአሻንጉሊት ቤት ብቻ ቢያውል ተግባሩ በኢህሳንም ሆነ በታማኝነት ስም አይጸድቅም። ሥራው ለልጁ መሆኑ ቀርቶ መታያ ሲሆን፣ ልጁ እንዳይነካው ሲከለከል፣ ያን ጊዜም ዓላማው ጠፍቷል።

ስለዚህ በተግባር ቅደም ተከተል ዝናብ የሚወርድበት ቤት ይቀድማል፤ ከሥሩ የሚያድር ሰው አለና። እርሱ ከተጠበቀ በኋላ ለትንሹ ክዳን የሚሰጠው ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። እጅን ያሠለጥናል፤ የቆየውን የአከዳደን ዕውቀት ለልጅ ያስተላልፋል፤ የልጁን እምነት ያከብራል። መደራረቡን ጠብቆ ከታች ወደ ላይ የከደነ ሰው፣ ማንም ባይጠይቀውም ለነገሩ የሚገባውን ሰጥቷል፤ መልካም ሥራ የሚባለውም ይህ ነው።