ልጅ ያቦካውን የበላን እኛ

ተረቱን የወረወሩት ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ናቸው። ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ሳንጃ ውስጥ፣ የወላጆች ቀን ነበር። ካርድ ገና አልተሰጠም፤ የሚኒ ሚዲያ ልጆች ራሳቸው የጻፉትን ድራማ እያሳዩ ነው። ድምፅ ማጉያው በየመሐሉ ያፏጫል፣ መጋረጃውን ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ልጆች በእጃቸው ይዘውታል። ታሪኩ ለሳንጃ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ አባት ልጁን መስከረም ላይ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሰሊጥ አጨዳ ይልካል፣ መምህሩ ቤት ድረስ ሄዶ ይለምናል፣ አባት አሻፈረኝ ይላል። አባት የሆነው የስምንተኛ ክፍል ልጅ በከሰል ጢም ተስሎለታል፣ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ኮት ለብሷል፣ በትሩን ከትከሻው ላይ እንደ ጠመንጃ አጋድሞታል። ሲንጎራደድ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሳንጃ ባለችበት በአርማጭሆ እንዲያ የሚራመድ አባት የማያውቅ የለም።

ከዚያ ድራማው ቆመ። መምህሩ ለምኗል፣ አባትየው መልሷል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አልመጣም። ልጆቹ ተያዩ፣ አንዷ ሳቀች፣ መጋረጃው ተጎተተ። አዛውንቱ የሳቅ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «ምን ይደረግ፣ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። ከጎናቸው የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን እነቀንቅ ነበር፤ አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩ፣ በልጆቼም ላይ የተጠቀምኩበት ሰው ነኝ።

የዚያን ቀን ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የቆረቆረኝ ሊጡ ራሱ ነው። በሳንጃ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ቡሃቃ የማትነካበት ቤት ስንት ነው? የማሽላውን ዱቄት የምታቦካው፣ ምጣዱን የምታሰማው፣ የእንጀራውን ጠርዝ በእጇ እያነሣች ሰፌድ ላይ የምታወጣው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋን የምትይዘው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም እንቅልፍ ካልጣላት። ቤተ ሰቡ ይበላል፣ ይጠግባል፣ እጁን ይታጠባል። ስለ ልጅ ወሬ ሲነሣም ከዚያው ማዕድ ላይ አንዱ የመጨረሻውን ጉርሻ እየዋጠ ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ ይነግረናል። ተረቱ ስለ ቁም ነገር እንጂ ስለ እንጀራ አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ቁም ነገሩን በምሳሌ ያስረዳን ግን እንጀራው ነው፤ ምሳሌው ውሸት ከሆነ ቁም ነገሩስ በምን ይቆማል?

ይህ አባባል በጎንደር ምድር ቀድሞም ሙሉ ለሙሉ ተከብሮ አያውቅም። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ሲያርፉ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ግዛቱን ያቦካችውም የጋገረችውም እናቱ ምንትዋብ ናት። የልጅ ንጉሥ በታላላቆች ዘንድ የሚወደደውም ሊጡ በእነሱ እጅ ስለሚቀር ይመስለኛል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የቆሎ ተማሪው አለ፦ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ራቱን ራሱ የሚፈልግ ልጅ። የጎንደር ሊቃውንት ብዙዎቹ ከዚያ አኩፋዳ የወጡ ናቸው። እነሱን ያሳደገ አገር የልጅ ሊጥ ለራት አይበቃም ማለቱ ትንሽ ድፍረት ነው።

ወደ ሰሊጡ ልመለስ፤ ተረቱን የሚያስጨንቀው እሱ ነውና።

ሳንጃ ከጎንደር በትክል ድንጋይ አልፎ ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ላይ ናት። ደጋው እያለቀ ቆላው የሚጀምርበት፣ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰሊጥ የሚነግሥበት አገር ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራ ጎንደር ነጭ ሰሊጥ ተብሎ በራሱ ስም የሚሸጠው ምርት የዚህ አካባቢ ልጅ ነው። ሰሊጥ ግን ጠባየ ክፉ ነው። ቆባው ከታች ወደ ላይ እየበሰለ ይሄዳል፤ የታችኛው አፉን ሲከፍት የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ሁሉም እስኪደርስ ከጠበቁት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ቢጫ ሲል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ያለው እጅ ሁሉ ተረባርቦ ያጭደዋል፤ ይታሰራል፣ ነዶው ቆሞ በሂላ ይደረደራል፣ ሲደርቅ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ይህ ጥድፊያ የሚውለው መስከረም ማብቂያና ጥቅምት ላይ ነው፣ ደብተር ገና አዲስ ሽታው ሳይለቀው። ዘሩ ከገባ በኋላ ያለው አረም ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን ይወስዳል። ይኸው ነው እንግዲህ የክረምት ዕረፍት የምንለው።

ለጥድፊያው ከደጋው ሳሉግ የሚባለው የወቅት ሠራተኛ ይወርዳል፣ በየማሳው ይሰፍራል፣ በቁርጥ ያጭዳል። ሳሉጉ አልበቃ ሲል የሚታየው ማን እንደሆነ ድራማው ነግሮናል። ሥራው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ሌሊት ውጭ የተኛውን ነክሳ ካላዛር ታወርሳለች። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ራሱን የቻለ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚያ ከሚተኙት ብዙዎቹ በነዚህ ማሳዎች የሠሩ ወጣት ወንዶች ናቸው።

ፕሮግራሙ አልቆ ካርድ ሲታደል ያንን «አባት» ፈልጌ አገኘሁት። ጢሙን በእጅጌው ጠርጎት ጉንጩ ጠቁሯል። ያቆሙት ንግግሩን ስለ ረሱ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አልረሳንም፣ ጋሼ» አለ፣ ደንቆት። «መጨረሻው ላይ ስላልተስማማን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ክበቡን የሚረዳው መምህር አባትየው ተጸጽቶ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንዲመልስ ፈልጓል። ልጆቹ ግማሾቹ ተቀበሉ። የአባትን ቃል የጻፈው ይህ ልጅ ግን እምቢ አለ፤ «እንዲህ የሚል አባት አላየሁም፣ ሰውም አያምነንም» ብሎ። እስከ ዋዜማው ተከራክረው ሳይስማሙ መድረክ ላይ ወጡ። አዛውንቱ ለራት አይበቃም ያሉት ይህንን ነው። ስንት አዋቂ የጻፈው ድራማ አይቻለሁ፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም ተጸጽቶ ሁሉም የሚተቃቀፍበት! እነዚህ ልጆች ያላወቁትን አናውቀውም ብለው መጋረጃ ጎተቱ። ለኔ ራት እሱ ነው።

ልጁ ራሱ አጭዷል። ስለ ሥራው ሲያወራ ድምፁ ወፍራም ሆነ። ባገኘው ገንዘብ ለሁለት እህቶቹ ደብተርና ጫማ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቷል፤ የተረፈው እህል ሆኗል። ሙሾ አልነበረውም፣ ኩራት እንጂ። የስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ 16 አለኝ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተጠማዘዘብኝ።

በአዲሱ የትምህርት መዋቅር ልጅ በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ይገባል፣ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ይማራል፣ ከዚያ 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ናቸው። ሳያቋርጥ የመጣ ልጅ እነሱን የሚማረው 13 እና 14 ዓመቱ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠር ይላል፤ ከ15 እስከ 18 ላለው ወጣት በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይደነግጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው መካከለኛ ደረጃ ማለት ሕጉ «ተው፣ አትንኩት» የሚልበት የመጨረሻው ዕድሜ ነው። ይህ ልጅ ግን ዓመት አመለጠው፤ አንዱን ሰሊጡ በላው፣ ሌላውን የሰሜኑ ጦርነት። ከዚያ በፊት መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና የአገሩን ትምህርት ቤት ሁሉ ዘግቶ ነበር፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የምናውቀው ነው። እንዲህ ሲዘገይ 8ኛ ክፍል ላይ 16 ሞላው። ከትምህርት ቤት ያስቀረው ሰሊጥ ለሰሊጥ ቅጥር አደረሰው። የአባቱን ማሳ ቢያጭድማ አዋጁም አያየውም፤ እሱ የሚያውቀው ቀጣሪና ተቀጣሪን ነው።

ስለዚህ ከተረቱ ጋር የተጣላሁት አዛውንቱ ባሉበት ቦታ አይደለም። የልጅ ሊጥ ይበቃል። እዚህ አገር ሲበቃ ኖሯል፤ የሚያሳዝነውም መብቃቱ ነው። አባባሉ እውነት በሆነልኝ እያልኩ ስመኝ ራሴን ያዝኩት። ለራት አይብቃ! ልጅ ያቦካው ጨዋታ ይሁን፣ ይሻግት፣ ውሻ ይብላው፣ ቤቱም ሌላ ራት ይኑረው። የድሮ ሰዎች ተረቱን ሲፈጥሩት ምናልባት ልጅን ሊያሳንሱ ሳይሆን ከቡሃቃው ሊያርቁ ፈልገው ይሆናል፤ «ተወው፣ አንተ ሂድ ተጫወት፣ እኛ አለን» እንደ ማለት። እንዲያ ከሰማሁት ከአዛውንቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲመጣ የምናደርገውም ይህንኑ አይደል? ታላላቁ ያቦካል፣ ልጁ ጅራፉን እያጮኸ፣ ሆያ ሆዬ እያለ መጥቶ ሙልሙሉን ይወስዳል፤ በዚያች ዕለት ማንም ምን ሠራህ ብሎ አይጠይቀውም። በአረም ማሳ ላይ ላለው ልጅ ግን ቡሄም ሥራ ነው።

ይህንን ለልጁ ብነግረው ግን ምን ይለኛል? የገዛትን ነጠላ እናቱ ደርባ ከወላጆች መሐል ተቀምጣለች። ያንተ ራት መብቃቱ ጥፋት ነው ልበለው? አልነገርኩትም። በክረምቱ ምን ልትሠራ አስበሃል ስለው «አረም» አለኝ፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ተገርሞ። የክልላዊ ፈተናው ውጤት ሲመጣ ማሳ ላይ ሆኖ በስልክ እንደሚነገረውም አከለበት። አለፍክ ከተባለ 9ኛ ክፍል ነው፤ ምዝገባውም ከሰሊጡ ብስለት ጋር ይሽቀዳደማል።

ተረቱ ለማን መነገር እንዳለበት ያሰብኩት ያኔ ነው። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የሰሊጥ ገበሬ አገኘሁ፤ ሰፊ ማሳ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሞከርኩበት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ትላላችሁ፣ መስከረም ሲመጣ ግን የምትጠሩት ልጅ ነው» አልኩት።

«ለራት አይበቃም፣ ለሰሊጥ ግን ይበቃል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «ማሽላ ይታገሥሃል። ሰሊጥ አይታገሥም። ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ መንገድ ተዘጋ ሲባል ይቀራል፤ ያን ጊዜ በእጄ ያለው የጎረቤቴ ልጅ ነው። እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል።»

ትምህርቱ እዚህ አገር ከአጨዳ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ቢጀመርስ? ክረምቱን ከመዝጋት ይልቅ መስከረምንና ጥቅምትን ቢዘጉ?

«እሱንማ ለመምህሮቹ ንገራቸው» አለ። «እኛን ማን ጠይቆን ያውቃል?»

ውሸት አልነበረውም። ለልጅና ለአዋቂ እኩል ይከፍል እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ያጨደውን ያህል ነዋ!» አለኝ፣ ሻዩን እያማሰለ። ከዚያ ወደ ዘንድሮው የሰሊጥ ዋጋ ገባን።