የሐረጉ ሌላ ቅርንጫፍ

የዘር ሐረጋችሁን ፍለጋ ወደ ወሎ ገጠር ብትዘልቁ የሙታኑን መቃብር ከማየታችሁ በፊት ቡና ትጠራላችሁ። የአያቴን አባት አገር ፍለጋ ከደሴ ወጥቼ ያረፍሁበት ቤት ቡናው ሲቀርብ ጎረቤት ተጠራ፤ ከመጡት አንዷ ማተብ ያሰሩ ነበሩ። የቤቱ እናት «የአባቴ የአጎት ልጅ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ።

ለአገሩ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ባዘዙ ጊዜ ገሚሱ ተጠመቀ፣ ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱም በዲኑ ጸና። ኢማም መሐመድ ዓሊ እንኳ ያን ጊዜ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። በዚህ ሳቢያ አንዱ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ያም ሆኖ በብዙ መንደር ቅሬው አንድ ነው፤ ሟቹ ከየትም ወገን ይሁን መንደሩ ይወጣል። በድግስ ጊዜ እርዱ ለየብቻ ነው፤ ድስቱም እንዲሁ። ማንም በዚህ አይቀየምም።

እንግዲህ ሐረጉን ስትስቡ እንዲህ ያለ ዘመድ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? አንዳንዱ የማይፈልገውን ስም ዘሎ የጠራ ሐረግ ለልጆቹ ይጽፋል። ይህ ዘር መምረጥ ይባላል እንጂ መቁጠር አይባልም። አስማእ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ.) ያልሰለሙ እናታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ ዝምድናውን ይቀጥሉ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ እንዲቀጥሉ ተነገራቸው።

በሠርግና በለቅሶ እስከ የት አብሮ እንደሚኬድ ዓሊም ይጠየቅ። የታመመች አክስትን ለመጠየቅ ግን የማንን ፈትዋ እንጠብቃለን?