የመስቀሉና የታቦቱ ባለቤት

ለእግዚአብሔር የተለየ ንዋይ በገንዘብ ባለቤት ሊኖረው ይችላልን? ጥያቄው ከወሎ ምድር ወጥተው በተመለሱ ሁለት ንዋያተ ቅድሳት ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ አንዱ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል፣ ሌላው ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ነው።

አፍሮ አይገባ የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል ነው፤ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ስሙ እንደሚመሰክረው፣ የተማጸነው አፍሮ ወደ ቤቱ አይገባም። ምእመናን ይሳለሙታል፣ ሕሙማን ይዳበሱበታል፤ አገልግሎቱ በመታየትና በመዳሰስ ነው። በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጣ፤ አንድ ቤልጅየማዊ የቅርስ ሰብሳቢ በ25,000 ዶላር ገዛው። በ1993 ዓ.ም. ገንዘቡ ለገዢው ተተክቶለት መስቀሉ ወደ ላሊበላ ተመለሰ።

ታቦት ግን የሚያገለግለው ተሰውሮ ነው። ጳጳስ በሜሮን ካከበረው በኋላ ከካህናት በቀር ማንም አያየውም፤ ለጥምቀት ሲወጣም በመጎናጸፊያ እንደተሸፈነ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በእርሱ ይሰየማል፤ ያለ እርሱ ቅዳሴ አይቀደስም። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር ከወሰዳቸው ታቦታት አንዱ በኤዲንብራ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። የደብሩ አገልጋዮች ምንነቱን ሲረዱ ያለ ዋጋ መለሱት፤ በ1994 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው።

ሰብሳቢ ለራሱ የሚያቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ጥበቃ ነው፤ እርሱ ባይገዛው ዕቃው ይጠፋ እንደነበር ይናገራል። ይህ ሐሳብ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም መጠበቅ አደራ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ለመቅደስ የተሰጠ ስጦታ ከሰጪው እጅ ወጥቷል፤ ካህኑም ያገለግልበታል እንጂ አይሸጠውም። የሚሸጥ ባለመብት ከሌለ የሚገዛ ባለመብትም አይኖርም። ስለዚህ ለመስቀሉ የተከፈለው 25,000 ዶላር የመመለሻው ወጪ እንጂ የመስቀሉ ዋጋ ሊባል አይችልም።

ሁለቱ የሚለያዩት በሰብሳቢ እጅ በሚያጡት ነገር ነው። መስቀል በመስታወት ውስጥ ቢቀመጥ መዳሰሱ ቢቀር መታየቱ ይተርፍለታል። ታቦት ግን ቢታይ ክብሩ ይነካል፣ ቢደበቅም የሚቀደስለት ሕዝብ አጠገቡ የለም። የብሪታንያ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታትን ለጎብኚ በማይከፈት ክፍል አስቀምጧል፤ ሊያሳያቸው አይችልም፣ ሊቀድስባቸውም አይችልም። ለእነርሱ የሚገባቸው ስፍራ መንበራቸው ብቻ ነው፤ ወደዚያም ሊመለሱ ይገባል።