የእኔ ያልሆነ ሐሳብ፦ ስኪዞፍሬንያና የሰው ማንነት

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ድርሳኑ ሁሉን ከተጠራጠረ በኋላ ሊጠራጠረው ያልቻለው የሚያስበው እርሱ ራሱ መኖሩን ብቻ እንደ ነበር ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የሚያስብ ሁሉ ሐሳቡን የራሱ አድርጎ ያውቀዋል የሚለው ግምት ማስረጃ የማይሻ መስሎ ቆይቷል፤ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ግን ይህን ግምት ያናጋዋል። ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ሕመምተኛው በአእምሮው የሚመላለሰውን ሐሳብ እያወቀ፣ ሌላ ኃይል ያስገባብኝ ነው እንጂ የእኔ አይደለም ብሎ ማመኑ ሲሆን፣ ተናጋሪ በሌለበት ድምፅ መስማትም ብዙ ጊዜ አብሮት ይታያል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ክሪስ ፍሪዝ ለዚህ በሰጠው ማብራሪያ መሠረት፣ አንጎል የራሱን ሥራ ውጤት አስቀድሞ ስለሚገምት ሰው ራሱን ኮርኩሮ መሳቅ አይችልም፤ ይህ ግምት ሲዛባ ግን የገዛ የውስጥ ንግግር ከውጭ እንደ መጣ ሆኖ ይሰማል። ማብራሪያው የሕመሙን ምሥጢር ሁሉ አይፈታም፤ ሆኖም ሕመምተኛው እንደማይዋሽ ያስረዳል።

እንግዲህ የገዛ ሐሳቡን "የእኔ አይደለም" የሚል ሰው ማንነቱ ጠፍቷል ማለት ነውን? አይደለም፤ ሐሳቡ ባዕድ የሆነበት፣ የሚፈራውና የሚጨነቀው "እኔ" ባይኖር አቤቱታው ራሱ ባልተሰማ ነበር። ሕመሙ የሚያናጋው ሰው ከሐሳቡ ጋር ያለውን ዝምድና ነው እንጂ ሰውነቱን አይደለም። ዝም ማለቱ፣ ከሰው መሸሹና ሥራ መተዉም ስንፍና ተብለው ይነቀፋሉ እንጂ የዚያው ሕመም ገጽታዎች ናቸው።

ድምፅ የሚሰማውንና ሌላ ኃይል ያዘኝ የሚለውን ልጃቸውን ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆች አላዋቂ ተብለው ሊናቁ አይገባም፤ የሚነግራቸው ነገር ራሱ የመንፈስ ሥራ ይመስላልና። ነገር ግን ጠበልና መድኃኒት ይቃረናሉ የሚለው አስተሳሰብ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ድጋፍ የለውም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍቷ አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ያከብራል። ጉዳቱ የሚመጣው እምነት ሕክምናን ሲያስከለክልና ሕመምተኛው በሰንሰለት ሲታሰር ነው። በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት በተካሄደው ሰፊ ጥናት ከተገኙት የስኪዞፍሬንያ ሕመምተኞች መካከል የሕመሙን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሕመሙን ነቅሎ ባያጠፋም የብዙዎችን ድምፅና ፍርሃት ያስታግሣል።

ስለዚህ የሚያጠምቁ አባቶችም ሆኑ ቤተሰቦች ሕመምተኛውን የታዘዘለትን መድኃኒት አያስጥሉት፤ ሰንሰለቱን ይፍቱለት፤ ስለ ገዛ ሕይወቱም ከማንም አስቀድመው እርሱን ይጠይቁት።