አዳኝና ታዳኝ

በአማርኛ ፊደል «አዳኝ» ተብሎ የሚጻፈው ቃል ሁለት ነገር ነው። ሲጠብቅ አውሬን አሳድዶ የሚገድለው ነው፤ ሲላላ ከሞት የሚያወጣው ነው። ካህናት ዕለት ዕለት በጸሎታቸው የሚጠሩት ይህንን ሁለተኛውን ነው። በጂማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች ግን ፊተኛው የኋለኛውን ስም ለራሱ ወስዶ በክብር የኖረበት ዘመን ነበረ።

በ1916 ዓ.ም. ሪቻርድ ኮኔል የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። አራዊትን ማደን የሰለቸው አንድ የሩስያ ባለጸጋ መኮንን በደሴት ተቀምጦ መርከባቸው የተሰበረባቸውን መንገደኞች ያድናል። ከዚያ ወዲህ ባለጸጎች ተራውን ሰው የሚያድኑበት ፊልም በየጊዜው ይሠራል፤ ተመልካቹም ይሣቀቃል፣ ስላቁንም አይቶ ይስቃል። ደራሲው ደሴት ያስፈለገው፣ እንዲህ ያለ ሥራ በሕግና በጎረቤት መካከል ሊሠራ አይችልም ብሎ ገምቶ ይመስላል። በጊሚራና በማጂ ግን ደሴት አላስፈለገም።

በዚያ የሥራው ስም ፍንገላ፣ ሠራተኛውም ፈንጋይ ይባል ነበር። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ የአገሩን ነፃነት ያስከበረው ጠመንጃ በሚከተለው ዓመት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ወደ ካፋ ወረደ፤ የጂማው ንጉሥ አባ ጅፋር ሁለተኛም ሠራዊታቸውን ይዘው ከዘማቾቹ ጋር ተሰለፉ። ካፋ ከወደቀ በኋላ ጦሩ ወደ ማጂ ዘለቀ። ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው፤ ሹሙ ሲሻር ደግሞ ወታደሩ ገባሩን እንደ ጓዝ እየነዳ የሚሄድበት ጊዜ ነበረ። በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን አገሩ ሰው አልባ እየሆነ መሄዱን በመጽሐፉ ጽፏል። የተያዘው ሰው በቦንጋ አልፎ ጂማ ይደርሳል። ከጅሬን ቤተ መንግሥት ግርጌ የሂርማታ ገበያ በየሐሙሱ ሲቆም ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ አሞሌ ጨውና ሰው በአንድ ቀን ይሸጥ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ አዳኙ ማን ነው? ፈንጋዩ ነው ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፈንጋዩ ብዙ ጊዜ ራሱ ድኻ ነው፣ የሚሸጠውን እንጂ የሚያስቀረውን አይዝም። ዝሆን ገዳይ እንኳ ነፍሱን ለአደጋ አሳልፎ ስለሚሰጥ ፉከራውና ሽልማቱ ምክንያት ነበረው። የሂርማታው ገዢ ግን ጦር አላነሣም፣ ጫካ አልገባም፣ እጁም ንጹሕ ነው። ዋጋውን ቈጥሮ ሰጥቶ፣ ቡናውን የሚያስለቅምለትን ሰው ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ቢጠየቅ «ገዛሁት እንጂ አልያዝሁትም» ይላል። የኦሪት ሕግ ሰውን ሰርቆ በሚሸጥ ላይ ሞትን ሲፈርድ ስለ ገዢው ዝም ማለቱ እውነት ነው፤ በዚያችም ዝምታ ጥላ ሥር ብዙ ባለጸጋ አርፎባታል። ይሁን እንጂ ገበያው ሐሙስ ባይቆም ፈንጋዩ ሰኞ ከቤቱ ባልወጣም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከፋል። ክርስቲያኑ ጌታ «ክርስትና አስነሣሁት» ይላል፤ እስላሙ ጌታ «አሰለምሁት» ይላል፤ ሁለቱም «አበላሁት፣ አለበስሁት» ይላሉ። የአዳኝ ስም ወደ ሁለተኛው ትርጉም የተሻገረው በዚህ በር ነው። ጭካኔውን የማይክድ ጨካኝ አንድ ቀን ሊጸጸት ይችል ይሆናል፤ ያደነውን አዳንሁት የሚል ግን ከምን ይመለሳል?

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 31 ነፃነት ለሰው ሁሉ በተፈጥሮ የሚገባ መሆኑን ይናገራል፤ ባርነትን የሚያመጣው ጦርነት ነው ብሎ ግን በር ይከፍታል። የዚያን ጊዜ ሊቃውንት በዚህ በር ገብተው የጌቶችን ኅሊና አሳርፈዋል። ግን ጦርነት ሁለት ወገን ይሻል። ጠመንጃ የያዘ በሌሊት መንደር ከብቦ ሕፃናትን ቢያወጣ፣ ያ አደን እንጂ ጦርነት ተብሎ በሕግ ሊቈጠር አይገባውም ነበር። ይህን ለማየት ደግሞ ከሕጉ ሌላ መጽሐፍ አያሻም።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የባሪያ ነፃነት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ባሪያው ጌታው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነፃ እንዲወጣ አዘዘ። የጌቶቹን ማጕረምረም ለማብረድ የተደረገ ብልሃት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ሰውዬው በግፍ የተያዘ ከሆነ 7ቱን ዓመት ለምን ይጠብቃል? ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው።

ዛሬም በደቡብ አንዳንድ መንደር ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ፣ የሙሽራው አያት የተገዙ ነበሩ ወይ ተብሎ በሹክሹክታ ይጠየቃል። የገዢውን የልጅ ልጅ ግን አያትህ ምን ይሠሩ ነበር ብሎ የሚጠይቀው የለም።